የሲጋራ ነጋዴ አልበም

ሰሞኑን ሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ካፌ የከፈተ ሁሉ አንዲት «የጥንት የሐረር ቆንጆ» ግድግዳ ላይ ካልሰቀለ ቡናው የሚፈላለት አይመስልም። ከድሮ ፖስታ ካርድ ወይም ከሲጋራ ካርድ ተገልብጣ በር አክላ ታትማለች። ይሁን፤ ግድግዳው የራሱ ነው። ያበሸቀኝ አንድ አስጎብኚ ለእንግዶቹ ያለው ነው፦ «ፈረንጆቹ ባያነሡልን ኖሮ የእናቶቻችንን መልክ አናውቅም ነበር።»

አቤት ምስጋና! የሲጋራ ካርድ እኮ አሜሪካ ውስጥ የስስ ፓኮ መደገፊያ ካርቶን ነበር። ባዶውን ከሚቀር ሴት ታተመበት፤ አጫሹ ስብስቡን ለማሟላት ሌላ ፓኮ ይገዛላ! አለን ኤንድ ጊንተር የተባለው የቨርጂኒያ ኩባንያ በ1888 እ.ኤ.አ. «የዓለም ቆነጃጅት»ን በተከታታይ አውጥቷል። ጅቡቲ ይሸጡ የነበሩት ፖስታ ካርዶችም ከዚህ ብዙ አይርቁም፤ ከሥር በፈረንሳይኛ የ«ዘሯ» ዓይነት ይጻፋል፣ የአሳታሚው ስም ይከተላል። የእሷስ? እናታችን ከሆነች የማን ልጅ ናት? በየትኛው የጀጎል በር በኩል ነበር ቤቷ? አስጎብኚያችን ይንገረና!

አልጄሪያዊው ጸሐፊ ማሌክ አሉላ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የአልጄሪያን ፖስታ ካርዶች ገመና ገልጧል። እልፍኝ መግባት ያልቻለ ፎቶ አንሺ ስቱዲዮው ውስጥ ሴት ቀጥሮ፣ ጌጥ አልብሶ፣ የቤት እመቤት አስመስሎ ይሸጣታል። የሐረሮቹም እንዲያ እንዳልተነሡ ማን ዋስ ይሆናል? ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ እንኳ በ1883 እ.ኤ.አ. ሐረር ካሜራ ሲያስመጣ ለእናቱ የላከው የራሱን ምስል ነው። እናቱ የማን ፊት እንደሆነ ታውቃለች። እኛ ግን ስሟን የማናውቃትን ሴት «እናታችን» ብለን ማኪያቶ እንጠጣባታለን።

የእናቶቻችን መልክ ያለው ባገቡ ማግስት ፀጉራቸውን ከጆሯቸው ኋላ በሁለት ጠቅልለው በሸፈኑበት ጉፍታ ላይ ነው። ሰፍተው ግድግዳ ባለበሱበት ሰፌድ፣ አፎቻ በሚሉት ማኅበራቸውም ላይ ነው። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየማቸው ውስጥ ጌጡንና ልብሱን ብቻ ሳይሆን የዘፈን ቅጂውንም ሰብስበዋል። ባለካፌዎቹ እዚያ ቢሄዱ ምን ነበረበት? ሩቅ አይደለም፣ በእግር ይደረሳል።

ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ማስታወቂያን ከልክሏል፤ ፓኮውም 70 በመቶው በማስጠንቀቂያ ይሸፈናል። እኛ የመቶ ዓመቱን ማስታወቂያ በነጻ እንሰቅላለን። አይነሣም ካላችሁ፣ ከሥሯ ያለውን «የሐረር ቆንጆ» ፋቁና የሸጣትን ድርጅት ስም ጻፉበት።