ስለ ምድር ባቡር አምሳያ

የባቡር ሐዲድ ወደ ሰቆጣ አልደረሰም። የዋግ ሕምራ ተማሪ በአገሩ ሳለ ሎኮሞቲቭን የሚያውቀው በሥዕል ወይም በእጅ በተሠራ አምሳያ ነው። እንግዲያስ ለትምህርት ቤት አምሳያ የሚገዛ ነጋዴ ልኩን ሊመረምር ይገባዋል።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመር የሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ በተለመደው ልክ 87 ጊዜ ሲያንስ 12 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። በገበያ የሚበዛው ግን ለሰፊው ሐዲድ የተሰናዳው 16.5 ሚሊሜትር ነው። የድሬዳዋን ባቡር በዚያ ላይ ማቆም ሰፈፍን በማር ዋጋ እንደ መሸጥ ነው፤ ይህን የሰቆጣ ገበያተኛ ያውቀዋል።

የቀለሙ ነገር ይብሳል። አንዳንዱ ሠሪ ወፍራም ቀለም ይለቀልቅና ከቀጭን የናስ ሽቦ በብዙ ድካም ያበጀውን የእጅ መያዣ ራሱ ይደፍነዋል። ቀለሙ ቀጥኖ፥ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ሊደረብ ይገባል። ከዚያም በመንኰራኩሩ አቧራ፥ በጭስ ማውጫው ዙሪያ ጥላሸት ይጨመርበታል፤ በአዋሽ በረሃ የተመላለሰ ባቡር እንደ ሙሽራ አያብረቀርቅምና።

አዲሱ ሰፊ ሐዲድ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከአሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮችም ብዙዎቹ በድሬዳዋ ቆመው ቀርተዋል። አምሳያ ሠሪዎች ሳይውሉ ሳያድሩ ልካቸውንና ቀለማቸውን ሊመዘግቡ ይገባል።