ለፈረሰኛው እልልታ፣ ለኩሽኔታው ልጅ ዱላ!

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ሕዝቡ በእልልታ ይቀበላቸዋል። ፈረሰኛ እንደሚወድቅ ሁሉም ያውቃል፤ «ይከልከል» የሚል ግን የለም። ከዚያ ብዙም በማይርቁት ቡሬና ፍኖተ ሰላም አንድ ልጅ ከጋራዥ የለቀመውን ኩሽኔታ ሳንቃ ላይ ገጥሞ ቁልቁለት ቢወርድ ግን ዱርዬ ይባላል፤ ዱላም ይነሳበታል።

ዱላ ያነሳው አባት ፍርሃቱ ልክ ነው። ልጁ የሚንሸራተትበት አስፋልት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው፣ ኤፍኤስአርና ተሳቢ የሚምዘገዘግበት ዋና መንገድ ነው። ኮብልስቶን ደግሞ ለትንሽ ጎማ አይሆንም። ጥፋቱ ግን የልጁ አይደለም። ጥፋቱ ለልጅ አንዲት ልስን ጥግ ያልተወው የከተማ ፕላን ነው።

«የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚለው መልስ አያዋጣም። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላፍቶ ወጣት ማዕከል ግቢ ውስጥ የስኬትቦርድ ሜዳ ተከፍቷል። የሠሩትም የአገር ቤቱ ኢትዮጵያ ስኬትና ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ የተባለው የውጭ ድርጅት ናቸው፤ በመዋጮና በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት። ኋላም ኢትዮጵያን ገርል ስኬተርስ የተባለው ስብስብ ሴት ልጆችን ወደ ቦርዱ አመጣ። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ስፖርቱ ቶኪዮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሲገባ፣ በሴቶች የጎዳና ውድድር ወርቅ ያጠለቀችው ጃፓናዊቷ ሞሚጂ ኒሺያ ገና 13 ዓመቷ ነበር።

ሜዳው ላይ ልጅ ምን ይማራል? ፊፍቲ-ፊፍቲ የሚባለውን የመጀመሪያውን ግራይንድ እንይ። ልጁ በመጠነኛ ፍጥነት ወደ ዝቅተኛ የሲሚንቶ ጠርዝ ይጠጋል፤ ቦርዱን ይዞ ይዘላል፤ ጎማዎቹን የያዙትን ሁለቱን የብረት ዘንጎች ጠርዙ ላይ አሳርፎ ይንሸራተታል። ጉልበቱ መታጠፍ፣ ክብደቱ መሐል ላይ መሆን፣ ዓይኑም የጠርዙን መጨረሻ ማየት አለበት። ፈርቶ ወደ ኋላ ካዘነበለ ቦርዱ ከእግሩ ሥር ያመልጥና በወገቡ ይወድቃል። ጠርዙ ከሻከረ ደግሞ ዘንጉ ይይዝና በፊቱ ይደፋዋል፤ ለዚህ ነው ጠርዙ በሰም የሚታሸው። የማርና የጧፍ አገር ጎጃም ሰም አይቸግረውም!

ይህን ለመቻል ልጅ መቶ ጊዜ ይወድቃል። ማንም አይገፋውም፣ ማንም አያሸንፈውም፤ የወደቀበትን ምክንያት ራሱ ፈልጎ ራሱ ያርማል። ኩረጃ እንኳ አይሠራም። ፈተና በኩረጃ ማለፍ በተለመደበት አገር ይህ ትንሽ ትምህርት ነው?

«ጦርነት ባለበት ስለ ጨዋታ ይወራል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ስለዚህ እኮ ነው የሚወራው! ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሚሊዮኖች ልጆች ከክፍል ውጪ ሆነዋል። ሜዳ ትምህርት ቤትን አይተካም፤ ጥይትም አያቆምም። ግን መዋያ የሌለውን ልጅ መዋያ የሚያዘጋጅለት አያጣም፤ ጫት ቤቱ አለ፣ ደላላው አለ፣ ጠመንጃ የሚያሸክመውም አለ። ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የደረሰ አስተዳደር የት አለ?

ከቡሬም ከፍኖተ ሰላምም የሚፈለገው የኦሊምፒክ ሜዳ አይደለም። ከመኪና መንገድ የራቀ፣ በደንብ የተለሰነ ወለል፣ 20 ሜትር በ10 ሜትር ይበቃል። ዳር ላይ ከጉልበት በታች የሆነ፣ ጠርዙ ብረት የተገጠመለት ግንብ። አለቀ! ለየስብሰባው ባነርና አበል የሚያወጣ ጽሕፈት ቤት ለዚህ «በጀት የለም» ቢል ማን ያምነዋል? ግንበኛውም ሲሚንቶውም እዚያው አለ። ቦርድ እስኪመጣ ልጆቹ በኩሽኔታቸው ይጀምራሉ፤ ከአስፋልቱም ይወርዳሉ።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ስሟን የሚመጥን ሥራ ከዚህች 20 ሜትር ይጀመር። ለፈረሰኛው የሚወጣው እልልታም ወድቆ ለተነሳው የኩሽኔታ ልጅ ይድረሰው፤ ዱላው ይቅር!