የአባት ዘንግ

አንባቢ ሆይ፤ ከአባትህ ወይም ከአጎትህ የቀረ አሮጌ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በቤትህ ጥግ ቆሞ እንደ ሆነ ዛሬ የምጽፈው ላንተ ነው። ባይኖርህም አንብበው፤ አንድ ቀን ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ታገኘው ይሆናል።

በመጀመሪያ ወደ ብርሃን አቅርበህ ጎኑን ቍጠር። ስድስት ጎን ካለው ከአንድ እንጨት የተጠረበ እንዳይመስልህ፤ ቀርከሃ ተሰንጥቆ፥ ባለሦስት ማዕዘን ሆኖ ተልጎ፥ ስድስቱ ስንጥር በሙጫ የተጣበቀ ነው። ቀርከሃውም የኛ አገሩ አይደለም፤ በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ የሚበቅል ቶንኪን የሚባለው ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በአኒክ ከተማ የተቋቋመው የሃርዲ ወንድማማቾች ቤት በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ነው። በ1950 አሜሪካ ከቻይና ጋር ንግድ ስታቋርጥ ቀርከሃው ከገበያዋ ጠፋ፤ ቀደም ብሎ ብቅ ያለው የፋይበር ግላስ ዘንግም ቦታውን ወሰደ።

የእኔ ዘንግ የአባቴ ነበር። ለትምህርት እንግሊዝ አገር ሄዶ ሲመለስ ያመጣው ነው። የቡሽ መያዣው ላይ የአውራ ጣቱ ማረፊያ ጎድጕዶ ይታያል። አባቴ ካረፈ በኋላ ማን ደፍሮ ይንካው! ከምድጃው አጠገብ ግድግዳ አስደግፌ ስምንት ዓመት ተውሁት። ባነሣው ጫፉ እንደ ማጭድ ጎብጧል። ያን ያህል ዘመን ከዓሣ ጋር ሲታገል ያልጎበጠውን እኔ በማክበር አጎበጥሁት።

ስለዚህ አንተ ግድግዳ አታስደግፈው፤ በደረቅ የጨርቅ ከረጢት ከተህ ቀጥ አድርገህ ስቀለው። ከእሳትና ከፀሐይ አርቀው፤ የድሮው ሙጫ ከእንስሳ ቆዳ የተቀቀለ ከሆነ ሙቀትና ርጥበት ይፈታዋል። መጋጠሚያውን ስትነቅል ቀጥ አድርገህ ሳብ እንጂ አትጠምዝዝ። የሐር ክሩ ጥምጥም እንዳልላላ፥ ቫርኒሹም እንዳልተላጠ እይ። ከዚያ በኋላ ተጠቀምበት! ለአምባዛ ግን አላልሁህም፤ እሱ ጕልበተኛ ነው፤ ሌላ ዘንግ ፈልግለት። ለቆሮሶ ይበቃል።

ብዙዎቹ ዘንጎች ሁለት ጫፍ አላቸው። ባለፈው ቅዳሜ ሁለተኛውን ጫፍ ገጥሜ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ልወርድ ስነሣ እናቴ በእጄ አየችውና፥ «አባትህም ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

ሦስት ቆሮሶ ይዤ ተመለስሁ። አውራ ጣቴ ግን ለጎድጓዳው ልክ አልሆነም፤ የአባቴ ጣት ከእኔ ይሰፋል።