ለሽመላችን ተሟጋች ይቁምለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ችግኝ ተከላ ብዙ ጽፋችኋል፤ መልካም ነው። ክልላችን ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ግን ከሚተክል ይልቅ የሚሟገት ማኅበር ነው ያጣው። መቀመጫውን አሶሳ ያደረገ፣ ከክልሉ ምክር ቤት ደጅ የማይጠፋ፣ ካስፈለገም ፍርድ ቤት የሚቆም ማኅበር።

ሽመልን፣ የቆላውን ቀርከሃ፣ እንውሰድ። ክረምት ሲገባ እናቶች ለጋውን ልጠው ገበያ ያወጡታል፤ ጎልምሶ ደግሞ ቤትና አጥር ይሆናል። ይህ ተክል በአሥርት ዓመታት አንዴ በጅምላ ያብብና ጫካው እንዳለ ይደርቃል። ዳግም የሚበቅለው ከረገፈው ዘር ነው። በዚያ ሰዓት እሳት ከገባበት ወይም ከታረሰ አለቀለት። ነገሩን የማያውቅ ባለሥልጣን የደረቀውን አይቶ ባዶ መሬት ነው ብሎ ለባለሀብት ቢሰጠው፣ ቁም የሚለው ማን ነው?

ሕጉ አልከለከለንም። አዋጅ 300/1995 በአንቀጽ 11፣ ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወገን ላይ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። በ30 ቀን ውሳኔ ካጣ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ግን አንድ የሸርቆሌ ወርቅ አጣቢ ይህን ብቻውን ይወጣዋል? የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሰነዱን ማን ያነብለታል? ቀኑስ እንዳያልፍበት ማን ይቆጥርለታል?

አፓፕ የተባለው የሕግ ባለሙያዎች ድርጅት በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሶ አልተሳካለትም። ያም ሆኖ ወንዝ በፍርድ ቤት ስሙ እንዲነሣ ያደረገው ድርጅት ነው እንጂ ግለሰብ አይደለም።

የ2001ዱ የማኅበራት አዋጅ ከ10 በመቶ በላይ ገቢውን ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ አግዶ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ 1113 ይህን ሽሮታል፤ ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል መወትወትንም ፈቅዷል። እኔ ግን ማኅበሩ በአባላት መዋጮ ቢጀምር እመርጣለሁ፤ የረጂ ፕሮጀክት ሲያልቅ አብሮ የሚዘጋ ቢሮ አንፈልግም።

የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ጠበቆችና የአገር ሽማግሌዎች በዚህ ላይ ቢመክሩ ደስ ይለኛል። ለምክር ቤቱ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄም ግልጽ ይሁን፦ አብቦ የደረቀ የሽመል ጫካ፣ ቡቃያው ጠንክሮ መቆሙ ሳይረጋገጥ ለማንም እንዳይሰጥ በሕግ ይከልከልልን።

አክባሪያችሁ
ከአሶሳ