ማንዴት ስለሚባለው ቃል

በመንግሥታት ጉባኤና በሕግ ጽሑፍ ዘወትር ከሚነገሩት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ማንዴት» ነው። ምንጩ ላቲን ሲሆን፥ «እጅ» እና «መስጠት» ከሚሉት ቃላት ተጋጥሞ የተሠራ ነው፤ ይኸውም በእጅ የተሰጠ ትእዛዝ ወይም አደራ ማለት ነው። በጥንት ሮማውያን ሕግ ይህን አደራ የተቀበለ ሰው የሌላውን ጉዳይ ያለ ዋጋ ይፈጽም ነበር እንጂ ባለቤት አይሆንም ነበር። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ካጠበ በኋላ የሰጣቸው የፍቅር ትእዛዝም በላቲኑ ወንጌል የተጻፈው በዚሁ ቃል ነው፤ እንግሊዞች ጸሎተ ሐሙስን እስከ ዛሬ «ሞንዲ» ብለው የሚጠሩት ከዚህ የተነሣ ነው።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1919 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን በ22ኛው አንቀጹ፥ ከጀርመንና ከቱርክ የተወሰዱት አገሮች ለሕዝባቸው ጥቅም በማንዴት እንዲጠበቁ ደነገገ። በዚህም መሠረት ኢራቅና ፍልስጥኤም ለእንግሊዝ፥ ሶርያ ለፈረንሳይ፥ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ለደቡብ አፍሪካ ተሰጡ። ደቡብ አፍሪካ ግን አደራውን እንደ ርስት ቈጥራ፥ ዘርን ከዘር የሚለየውን ሕጓን በዚያ ዘረጋች።

የማኅበሩ አባሎች የነበሩት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 ዓ.ም. በላሄ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሷት። በ1966 ዓ.ም. የዳኞቹ ድምፅ 7 ለ7 ሆኖ እኩል ስለ ተከፈለ፥ በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ከሳሾቹ በሕግ የመጠየቅ መብት የላቸውም ተባለ። ሆኖም በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ማንዴቱን ሻረ፤ በ1971 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ራሱ ደቡብ አፍሪካ በዚያ መቈየቷ ሕገ ወጥ መሆኑን አስታወቀ፤ አገሪቱም በ1990 ዓ.ም. ናሚቢያ ተብላ ነጻ ወጣች። እነሆ፥ በአንድ ቃል ትርጓሜ የአንድ ሕዝብ ዕድል ለብዙ ዘመን ተንጠልጥሎ ኖረ።

ዛሬም ሰላም አስከባሪ ጦር የሚላከው፥ በምርጫ ያሸነፈም ሰው ሕዝብ ሰጠኝ የሚለው ማንዴት ነው። እንግዲህ ይህን ቃል ወደ አማርኛ የሚመልስ ጸሓፊ «ሥልጣን» ብቻ ብሎ ቢያልፈው ግማሹን ትርጓሜ ያስቀረዋል። ሥልጣን ምን ማድረግ እንደሚቻል ይናገራል፤ አደራ ግን ሰጪው ማን እንደ ሆነ፥ ለምን ሥራና እስከ መቼ እንደ ሰጠ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ የዘነጋ ሹም፥ ሥልጣኑ በእጁ ሳለ አደራ በላ ይሆናል።