ቀጭኗ ጭረት ድምፅ ስትሸከም

ለርዕስ፣ ለሽፋንና ለትልልቅ ማስታወቂያ ከሚመረጡት የላቲን የፊደል ቅርጾች መካከል አንድ ለየት ያለ ቤተሰብ አለ። በዘንጎቹ ጫፍ ላይ ሰሪፍ የሚባለው ትንሽ ጭረት የለውም፤ ሆኖም እንደ አብዛኞቹ ሰሪፍ አልባ ቅርጾች ዘንጎቹ እኩል ውፍረት የላቸውም። አንዱ ዘንግ ወፍራም፣ ቀጣዩ ቀጭን ነው። ይህን መልክ ለግዕዝ ፊደል ማልበስ ለንድፍ አውጪ የሚያጓጓ ሐሳብ ነው። ጸሐፊው ሐሳቡን አይቃወምም፤ የላቲኑን የቅጥነት ሥርዓት እንዳለ መገልበጥ ግን የተሳሳተ መንገድ ነው ብሎ ያምናል።

ከዚህ ቤተሰብ ሁለት ሥራዎች ጎልተው ይጠቀሳሉ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንዱ በፖስተር ሥራዎቹ የታወቀው ካሳንድር በ1937 ለፓሪሱ የፊደል ማምረቻ ለደበርኒ ኤ ፔኞ የነደፈው «ፔኞ» ነው። ካሳንድር ፊደሉን ያሰበው ለመጻሕፍት ንባብ ጭምር ነበር፤ ብዙዎቹን ንዑሳን ፊደላት በዐቢይ ፊደላት ቅርጽ የመተካት ሐሳቡን ግን አንባቢው አልተቀበለውም። ስለዚህ ፊደሉ በርዕስና በማስታወቂያ ተወስኖ ቀረ። ሁለተኛው ጀርመናዊው ኸርማን ዛፕፍ የነደፈው «ኦፕቲማ» ነው። ዛፕፍ በ1950 በፍሎረንስ ከተማ በሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ያሉትን የመቃብር ጽሑፎች ተመልክቶ፣ የመጀመሪያ ንድፉን በአንድ ሺህ ሊሬ የገንዘብ ኖት ላይ አሰፈረ። ፊደሉ ለገበያ የበቃው በ1958 ነው። በኦፕቲማ የወፍራሙና የቀጭኑ ልዩነት ከፔኞ የለዘበ ሲሆን፣ ዘንጎቹ ወገባቸው ላይ በጥቂቱ ይቀጥናሉ። በዋሽንግተን በሚገኘው የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ጥቁር ድንጋይ ላይ ከ58 ሺህ በላይ ስሞች የተቀረጹት በዚሁ ፊደል ነው።

ድንጋይ ለቀጭን መስመር ይታገሣል። ማያ ገጽና የፎቶ ኮፒ ማሽን ግን እንደ ድንጋይ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ዲጂታል መሣሪያዎች የነጥብ ጥራታቸው ዝቅተኛ ስለ ነበር የኦፕቲማን ረቂቅ የወገብ ጉብጠት በትክክል ማውጣት ተስኗቸው ነበር፤ ዛፕፍና አኪራ ኮባያሺ ሥራውን ዳግመኛ ፈትሸው በ2002 «ኦፕቲማ ኖቫ»ን አወጡ። እንዲህም ሆኖ ላቲኑ በአብዛኛው የሚያጣው ውበቱን ነው። የ«ኤ» ቀጭን እግር ቢደበዝዝ ፊደሉ «ኤ» ሆኖ ይነበባል። እርግጥ ንዑሱ «ኢ» መካከለኛ ሰረዙን ካጣ «ሲ»ን ይመስላል፤ ይህ ግን የጥቂት ፊደላት ችግር እንጂ የሥርዓቱ ጠባይ አይደለም።

በግዕዝ ፊደል ነገሩ ይለወጣል። በመቃ ብዕር የተጻፈው የብራና ፊደል ቋሚ ዘንጉ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ነው። ካዕብን፣ ሣልስንና ብዙ ሳድሳንን ከግዕዙ የሚለየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አጭር አግድም ጭረት ነው። «በላ»ን እንመልከት። በቀኝ ጎኑ አንዲት ጭረት ሲጨመርበት «ቡላ» ይሆናል፤ ጭረቷ ወደ እግሩ ግርጌ ስትወርድ «ቢላ»፤ ወደ ግራ ጎን ስትዛወር «ብላ»። «ባላ» ብቻ የሚለየው በእግር ርዝመት ነው፤ እግሩም ወፍራም ስለ ሆነ ከደካማ ኅትመት ይተርፋል። «ቤላ» የተባለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስም ደግሞ በትንሿ ቀለበት ላይ ይመሠረታል፤ ቀለም የቀለበቷን ውስጥ ሲሞላው ወደ «ቢላ» ይጠጋል። እንግዲህ ቋሚው እንዲወፍር፣ አግድሙ እንዲሳሳ የሚያዝዘው ሥርዓት የሚያሳሳው አናባቢውን ነው።

ከዚህ የከፋው የሰሪፍ ትርጓሜ ነው። በብዙ የአማርኛ የንባብ ፊደላት የአናባቢዋ ጭረት ከዘንጉ ስትነሣ ቀጥና፣ ጫፏ ላይ ትወፍራለች። ይህ ጫፍ ከላቲኑ ሰሪፍ ጋር ስለሚመሳሰል፣ «ሰሪፍ አልባ» ፊደል ለማውጣት የተነሣ ንድፍ አውጪ በቅድሚያ የሚቆርጠው እርሱን ሊሆን ይችላል። ሆኖም ጫፉ ጌጥ አይደለም፤ ቀጭኗ ጭረት በሩቁ እንድትታይ የሚያደርጋት ክብደት ነው። ክብደቱ ተቆርጦ የቀረችው ጭረት ደግሞ ይበልጥ ስትቀጥን፣ አንባቢው የሚያየው ግዕዙን ብቻ ይሆናል።

አንባቢ ከዐውዱ ይረዳዋል የሚል መከራከሪያ ይሰማል። በአንቀጽ ውስጥ እውነት ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ «ቡላ»ን ከ«በላ» ይለይለታል። ይህ ፊደል የሚሠራው ግን ለርዕስ ነው፤ ርዕስ ደግሞ ዐውድ የሚጎድለው የጽሑፍ ክፍል ነው። የቦታ ስም፣ የሰብል ዓይነት፣ የሰው ስም፣ እንግዳ ሙያዊ ቃል የሚገኘው እዚያ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ሽፋን ይባዛል፣ ይቃኛል፣ በማሽን ይነበባል፤ በሽፋኑ ላይ የጠፋች ጭረት ወደ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ የተሳሳተ ቃል ልታስገባ ትችላለች። ያ ጥናት በትክክለኛ ቃሉ ሲፈለግ አይገኝም።

በጸሐፊው አስተያየት ንድፉ መጀመር ያለበት ከዘንጉ ሳይሆን ከአናባቢዋ ጭረት ነው። ፊደሉ በታቀደለት ትንሹ መጠን ታትሞ ጭረቷ ሳትጠፋ የምትታይበት ውፍረት ይወሰን፤ ወፍራሙ ዘንግ ከዚያ ይለካ። የውፍረት ልዩነት ካስፈለገ በዘንጎች መካከል ይደረግ፦ ለምሳሌ የ«ጠ» መካከለኛ እግር ቢቀጥን ድምፁ አይለወጥም። የጭረቷ ጫፍ ሰሪፍ ነው ተብሎ አይቆረጥ። ተጠቃሚውም ፊደሉን ለግርጌ ማስታወሻ፣ ለሠንጠረዥና ለሥዕል መግለጫ አያውለው። ፈተናው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፦ «በላ፣ ቡላ፣ ቢላ፣ ቤላ፣ ብላ» ተብሎ በአንድ መስመር ይጻፍ፣ ቅጂው ዳግመኛ ፎቶ ኮፒ ይደረግ፣ ከዚያም ቃላቱን አስቀድሞ ላላየ ሰው ተሰጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብባቸው።