«እኔን ነው?» የማይል መንጋ

ባለፈው እትም በእጅ ምልክት ስለሚታዘዙ ድሮኖች የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ወንድማችን የሰው አልባ አውሮፕላኖቹን መንጋ ካደነቀ በኋላ፣ ከእንግዲህ ፊደል ያልቆጠረም ሰው እጁን አንሥቶ ሰማዩን ያዝዛል ሲል ደምድሟል። ሳይንስን በመውደዱ አልከሰውም። የምከሰው ስለ እጅ ምልክት ምንነት ሳያስብ በመጻፉ ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ለልምምድ ክፍል ስንገባ በመጀመሪያ የሚታረምልን ጣታችን ነበር። ስድሳ ልጅ ወደ ተቀመጠበት ጣትህን ብትቀስር ሦስቱ ባንድ ጊዜ ብድግ ይላሉ፤ ወይም አንዱ ደረቱን ነክቶ «ጋሼ፣ እኔን ነው?» ይልሃል። ትእዛዙን ሙሉ የሚያደርገው ያ የልጁ ጥያቄ ነው። ያለ እርሱ ጣት ግማሽ ቃል ነው።

ይህ ችግር መሐንዲሶቹንም ገጥሟቸዋል። በካናዳ የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሥራ፣ ሰውየው ወደ አንዱ ድሮን ተመልክቶ እጁን ያወዛውዛል። የተጠራው የትኛው ነው? እያንዳንዱ ድሮን በካሜራው የሰውየውን ፊት ምን ያህል ፊት ለፊት እንዳየ ይመዝናል፤ ውጤታቸውን እርስ በርስ ያስተያዩና አብልጦ ያየው ራሱን እንደ ተመረጠ ይቆጥራል። ብልሃቱ ግሩም ነው፣ አልክድም። ድሮኖቹ ሁለት ሦስት ከሆኑም ሰውየው ስሕተቱን አይቶ ያርማል።

የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ዳርፓ በ2017 እ.ኤ.አ. የጀመረው «ኦፍሴት» የተባለ ፕሮግራም ግን 250 ያህል ድሮኖችና የምድር ሮቦቶች በከተማ ውጊያ ለጥቂት እግረኛ ወታደሮች እንዲታዘዙ ያለመ ነበር። ከታሰቡት የማዘዣ መንገዶች አንዱ የእጅ ምልክት ነበር። በ250 መሣሪያ ላይ እጁን ያወዛወዘ ወታደር የትኛውን አይቶ የትኛውን ያርማል? ለእርሱ የሚቀረው ሂዱ፣ ክበቡ፣ ተመለሱ ማለት ነው። የትኛው ወደ የትኛው ቤት እንደሚሄድ የሚደለድለው መሣሪያው ነው። ወንድሜ ይህን ቅለት ይለዋል፤ እኔ ማምለጫ እለዋለሁ። የጽሑፍ ትእዛዝ ፊርማ አለው። እጅ ሲወዛወዝ በካሜራ ይቀረጽ ይሆናል፤ ምን ለማለት እንደ ተወዛወዘ ግን አይቀረጽም።

በመጠለያ ለምንኖር ሰዎች ይህ የጨዋታ ክርክር አይደለም። በጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ትግራይ ውስጥ፣ ደደቢት ላይ፣ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ትምህርት ቤት በድሮን ተመትቶ ከ50 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ያን ድሮን የእጅ ምልክት አላዘዘውም፤ ወንድሜ ይህን ቢያነሣብኝ እውነት አለው። እንዲህ ያለው ድሮን የሚነዳው በስክሪን ፊት በተቀመጠ ሰው ነው። ሰው ተቀምጦበትም እንኳ እኛ እዚህ ያለነው ያዘዘውን በስሙ አልሰማንም።

እንግዲህ ወንድሜ በሚቀጥለው እትም ይመልስልኝ፦ ከ250ው መካከል በር ላይ ቆሞ «ይህን ቤት ነው ያልከኝ?» ብሎ ወደ አዛዡ የሚመለሰው የትኛው ነው? አዘጋጆቹ ቦታ ቢያጥራቸው ከእኔ ድርሻ ግማሽ ገጽ ለቅቄለታለሁ።